ከሂንዲ የተረጎምኩት ጀግና

ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ሲተረጉም እንደሚያምርበት በሌላ በምንም አያምርበትም። የሚያውቅ ተርጓሚ ያሳዝናል፤ ቃል ይጠፋዋል፣ ያመነታል፣ ጭንቅላቱን ያካል፣ "እንዴት ልበላችሁ" እያለ ያንገራግራል። የማያውቀው ግን ምን ገዶት! አንገቱን ቀና፣ ድምፁን ሞላ አድርጎ ይለቀዋል። አላመናችሁኝም? እስቲ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ደስ ያላችሁ መሥሪያ ቤት መጠበቂያ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ከሌላው ስድስት ወር ቀድሞ የመጣ ሁሉ አስተርጓሚ ነው። ሠራተኛዋ ቴርሚኑ፣ ማለትም ቀጠሮው፣ ለምን እንደተዛወረ፣ የትኛው ወረቀት እንደጎደለ፣ ይግባኝ የሚባለው እስከ መቼ እንደሆነ ሩብ ሰዓት ሙሉ ታስረዳለች። አስተርጓሚያችን ራሱን በአክብሮት ሲነቀንቅ ይቆይና ወደ ባለጉዳዩ ዞር ብሎ፣ "አይሆንም ነው የምትለው" ይላል። አለቀ። ባለጉዳዩም መርቆት ይሄዳል።

በእነዚህ ሰዎች ብዙ ስቄባቸዋለሁ። አሁን ግን ትቻለሁ። ለምን እንደተውኩ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ዛሬ ማለዳ ገብቼ ሺሽቴን፣ የሥራ ፈረቃዬን ማለቴ ነው፣ ስለጨረስኩ ከሰዓት በኋላው የእኔ ነው፤ የእናንተን አላውቅም።

በልጅነቴ አሰላ ውስጥ ሂንዲ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እኔ ነኝ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ የህንድ ፊልም ይታይበታል፤ እኔ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ለሕዝቡ እተረጉማለሁ። የማውቃቸው የሂንዲ ቃላት ቢቆጠሩ አሥር አይሞሉም። ፍቅር፣ እናት፣ ወንድም፣ አይሆንም፣ ውሻ። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? እስቲ በእነዚህ የማይተረጎም የህንድ ፊልም አምጡልኝ። ተዋናይዋ ሁለት ቃል ተንፍሳ ፊቷን ስታዞር፣ እኔ የልጅነት ሕይወቷን፣ የእንጀራ አባቷን ጭካኔና የተሸጠችውን ላም ጨምሬ እዘረግፈዋለሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዳንዴማ እኔም አብሬ አለቅስ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አሳዛኝ ነው።

መጽሐፉ እጃችን የገባው በዚሁ ዝናዬ ጣሪያ በነካበት ዘመን ነው። የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ አስተማሪ ህንዳዊ ነበሩ። ኮንትራታቸው አልቆ ሊሄዱ ሲሉ የቤታቸውን ዕቃ ለጎረቤት አከፋፈሉ፤ ለእናቴ ሁለት የመስታወት ብርጭቆ ደረሳት። ብርጭቆዎቹ የተጠቀለሉት በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ነበር። እናቴ ብርጭቆዎቹን ወሰደች፤ እኔ መጠቅለያውን። ብርጭቆዎቹ በሳምንቱ ተሰበሩ። ምነው መጽሐፉ በተሰበረ!

ጀግናው ቢጫ ካባ የደረበ፣ ፂሙ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ ደረቱ ላይ የአገሩን ካርታ ያሳተመ ሰው ነው። ይበራል፤ ሲበር ግን እንደ ሌሎቹ ጀግኖች እጁን አይዘረጋም፣ አጣምሮ ነው የሚሄደው። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቦምብ ያጠምዳሉ፤ እሱ አንድ በአንድ እየለቀመ እርስ በርሳቸው ያስራቸዋል። "አሸባሪ" የሚለው ቃል ያኔ እኛ ከተማ ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ "የአገር ጠላት" ብዬ ተረጎምኩት። ሰፊ ቃል ነው፤ እንደ ዘመኑ ለማንም ይበቃል።

ማታ ማታ አንድ አልጋ ላይ ከሚተኛው ከታናሽ ወንድሜ ከደረጀ ጋር እናነበዋለን። ማለቴ እኔ አነባለሁ፣ እሱ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ አሥራ አራት፣ እሱ አሥር። ደረጀ የዋዛ አድማጭ አልነበረም። ትናንት ያልኩትን ዛሬ አንዲት ቃል ከቀየርኩ፣ "ወንድም ጋሼ፣ እንደሱ አይልም" ብሎ ያርመኛል። እንግዲህ ውሸቴን እንኳ በነፃነት እንዳልዋሽ አደረገኝ፤ አንዴ ያልኩት ጸና።

በተለይ የመጨረሻው ገጽ። ጣቢያው ከተረፈ በኋላ አንድ ልጅ ጀግናው ፊት ቆሟል። ጀግናው አንድ እጁን የልጁ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ በሌላው እጁ ወደ ሩቅ ይጠቁማል። ሩቅ፣ ከሥዕሉ ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ቤትና በሩ ላይ መብራት ይዛ የቆመች ሴት አለች። እኔ ምን አልኩ? ቤቷን የጠረፍ ምሽግ አደረግኳት፤ ሴትዮዋን ደግሞ እናት አገር። ጀግናውንም፣ "ሂድ፤ አገርህ እየጠራችህ ነው። እኔ ዛሬ የሠራሁትን ነገ አንተ ትሠራለህ" አስባልኩት። የጀርባው ሽፋን ላይ ደግሞ ጀግናው ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል፤ ከሥሩ በትልልቅ ቀይ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ያ መሐላው ነው አልኩ። "ከራሴ በፊት አገሬ!" ደረጀ ይህን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ደረጀ አሥራ ስምንት ሲሞላው ጦርነት መጣ። ማንም አላስገደደውም፤ ሄዶ ተመዘገበ። እናታችን እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ አነሳትና፣ እኔ አሥር ጊዜ የነገርኩትን የመጨረሻ ገጽ ቃል በቃል አላት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "ደረጀ፣ እኔ እኮ ሂንዲ አልችልም" ማለት አምስት ቃል ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አፍ ነበረኝ፣ አላልኩም። በምን አፌ ልበል? ከተማው በሙሉ ተርጓሚው እያለ ነው የሚጠራኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ ዘመን ውሸት በኋላ እኔም ራሴ ሳላምነው አልቀረሁም።

እናታችን ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በር ላይ ትቆም ነበር። ከዚያ እሱ መጣ፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች አልመጣም። እኔማ ያኔ እዚህ ነበርኩ። ጀግናው "ሂድ" ሲል ሁለታችንም ሰምተናል፤ እሱ ወደ ግንባር ሄደ፣ እኔ በዘመድ ወደ ጀርመን።

ደረጀ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። አሰላ መውጫ ላይ ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ጎማ ይለጥፋል። ከበሩ በላይ ያን የጀርባ ሽፋን ቀይ ጽሑፍ፣ ፊደል በፊደል ገልብጦ፣ በቀይ ቀለም አስጽፎታል። አንድ ጊዜ እዚያ አካባቢ ግንባታ ላይ የነበሩ ሁለት ህንዳውያን መኪናቸውን አቁመው ጽሑፉን አነበቡ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ጥርሳቸውን እያሳዩት፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እያደረጉ ጎማቸውን አስጠግነው ሄዱ። ደረጀ ማታውኑ ደወለልኝ። ወንድም ጋሼ፣ ህንዶቹ መሐላችንን አይተው በደስታ አለቀሱ አለኝ። እኔም አገር ወዳድ ሕዝብ እኮ ነው አልኩት።

ከሁለት ወር በፊት ከአሰላ የመጣ ሰው ዕቃ አደረሰኝ። ከበሶውና ከበርበሬው መሀል፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ያ መጽሐፍ ቁጭ ብሏል። ጠርዙ ተበልቷል፤ ቢጫው ካባ ወደ ነጭ ሄዷል። አብሮት የደረጀ ደብዳቤ አለ። የሱ የመጀመሪያ ልጅ ሳምራዊት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ልትማር ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። ትቼዋለሁ፣ እንደ አባቴ ወታደር ቤት እገባለሁ ብላለች። ሰኞ ትገባለች፤ እሁድ መሸኛዋ ነው። ደረጀ ኩራቱ ከወረቀቱ ላይ ይፈስሳል። አደራህን፣ ይላል፣ ከያንዳንዱ ሥዕል ሥር ትርጉሙን በእጅ ጽሑፍህ ጻፍበት፤ እሁድ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ በቪዲዮ አንብብላት፤ እኔ ብነግራትም ካንተ ስትሰማው ሌላ ነው። ሂንዲ የሚያውቅ ሌላ ማን አለን?

እስክሪብቶ ይዤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ የምኖረው ጊንሃይም ነው፤ መስኮቴን ስከፍት ያ ረጅሙ የቴሌኮም ማማ ፊቴ ድቅን ይላል። ማማውን እያየሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ሳምሪን በቪዲዮ ነው ያሳደግኳት፤ ጥርስ ስታወጣ በቪዲዮ፣ ሲወልቅባት በቪዲዮ። እና እዚያ ተቀምጬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይሄ ባለ ካባ ሰውዬ ግን ምን ይሆን የሚለው ብዬ ጠየቅሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አንድም ቀን አልጠየቅሁም ብላችሁ ታምናላችሁ? እመኑ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ሱሺላ የሚባሉ ህንዳዊት እናት አሉ። ልጃቸው ኮምፒውተር ነገር ይሠራል፤ እሳቸው የልጅ ልጆች ሊጠብቁ መጥተው ቀሩ። አገራቸው አርባ ዓመት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ። የምንገናኘው ምድር ቤት ባለው ዋሽኩሸ፣ ማለትም የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሐሙስ የእኔ ተራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እሳቸው ሁልጊዜ በእኔ ሐሙስ ላይ ሳሪያቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። አሥር ጊዜ ልናገራቸው አስቤ ሽበታቸውን አይቼ ትቼዋለሁ። በዚያ ሐሙስ ግን ገና ከደረጃው ሲወርዱ በደስታ ተቀበልኳቸው፤ ተራዬን ሰጥቻቸው፣ ትምህርቷን ትታ ወታደር ቤት ለምትገባ የወንድሜ ልጅ እሁድ የማነብላት ነው ብዬ መጽሐፉን ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ማሽኑ ላይ አስቀመጡ፤ እንዳዩት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልጄም እንዲህ ያሉ ነበሩት አሉ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በጀርመንኛ ያነቡልኝ ጀመር። አስተማሪ ናቸውና በየገጹ ገባህ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ጀግናው የሠራውን በሙሉ ማለት ይቻላል አላበላሸሁትም፤ ድብደባ በየትኛውም ቋንቋ ድብደባ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን።

ልጁ፣ አሉ፣ እኔም ካንተ ጋር ልዋጋ ይለዋል። ጀግናው ምን ይለዋል መሰለህ? ወደ ቤትህ ሂድ። ያቻት እናትህ እራት አቅርባ፣ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችህ ነው። ነገ ፈተና አለብህ። እኔ እዚህ የቆምኩት አንተ እንዳትቆም ነው።

ደግመው እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ደገሙልኝ፤ ያው ነው። ያን ዘመን፣ አሉ ወይዘሮ ሱሺላ፣ እኛም ዘንድ በየአውቶቡስ ጣቢያው ቦምብ ይፈነዳ ነበር፤ ልጆቹ ፈርተው እንቢ አንተኛም ይሉናል። ይሄን መጽሐፍ የምንገዛላቸው ተረጋግተው እንዲተኙ ነው። ከዚያ የጀርባውን ሽፋን ገለበጡና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። የጥርስ ዱቄት ማስታወቂያ ነው አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት ይጠቀሙበት፣ ድድ ያጠነክራል።"

እንባዬ መጣ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኳቸው። ሳሙናው ገና አልተከፈተም አሉኝ፣ ዝግ ብለው። ይሄን ገጽ እኔ የሰማሁት በሌላ ትርጉም ነበር ስላቸው፣ ማን ነገረህ አሉኝ፤ አንድ የአገራችን ሰው ነው አልኩ። መጥፎ ሰው ነው? አሉ። ለፍላፊ ነው እንጂ መጥፎ እንኳ አይደለም አልኩ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሆኽስት፣ የምሠራበት ፋብሪካ፣ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ፊት ቆሜ ቁጥሩን እያየሁ የማየው ሌላ ነው። እውነቱን ብናገር ለደረጀ ምን እላለሁ? ያ እግርህ የሄደው በእኔ ፈጠራ ነው? ሃያ ዓመት ጎማ ስትለጥፍ በላይህ ተሰቅሎ ያለው የጥርስ ዱቄት ነው? ዝም ብል ደግሞ ሳምሪ ሰኞ ትሄዳለች። እናቴ በር ላይ የቆመችው ሁለት ዓመት ትዝ ይለኝና ያቃጥለኛል። ያኔ አምስት ቃል ጠፍቶኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ቆረጥኩ፤ እናገራለሁ።

እሁድ ደወልኩ። ስክሪኑ ውስጥ የደረጀ ሳሎን በሰው ጢም ብሏል። ሳምሪ መሀል ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ደረጀ አጠገቧ ነው፤ ልጁ ልትዳር ይመስል ሙሉ ልብስ ለብሷል። ዝም በሉ፣ ዝም በሉ አለ፤ ተርጓሚው መጣ! ሁሉም አጨበጨበ። መጽሐፉን ወደ ካሜራው አስጠግቼ አሳየኋቸውና አነበብኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለውን ብቻ። ወደ ቤትህ ሂድ። እናትህ እራት አቅርባለች። ነገ ፈተና አለብህ። እኔ እዚህ የቆምኩት አንተ እንዳትቆም ነው።

ደረጀ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ እንደሱ አይልም አለኝ። አሥር ዓመቱ ላይ በሚያርመኝ በዚያው ድምፅ።

እኔም ለቀቅሁት። ደረጀ፣ እኔ ሂንዲ አልችልም፤ ያኔም አልችልም፣ አሁንም አልችልም፤ ሁሉን ከራሴ ነው የፈጠርኩት፤ ይሄንን አንዲት ህንዳዊት አስተማሪ ናቸው ያነበቡልኝ አልኩት። ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ምን ሳቅ አለ! ሳሎኑ በሙሉ ተከትሎት ፈነዳ። ሰማችሁ፣ ይላቸዋል፣ ለሷ ሆዱ ባብቶ ነው፤ አጎት አይደል? ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ጀርመንኛ ሲያወራ ሂንዲው ጠፍቶበታል። ድሮ ብትሰሙት! ከዚያ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና የእኔን፣ የአሥራ አራት ዓመቱን ልጅ ትርጉም፣ አንዲት ቃል ሳይስት ወጣው። አጨበጨቡለት። እኔስ ብትሉ፣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ፤ ፀጉሬ ቆመ።

ሲቀመጥ ሰው ሠራሹን እግሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ታዲያ ወንድም ጋሼ፣ አለኝ አሁንም እየሳቀ፣ ይሄ እግር የሄደው ወደ ቤትህ ሂድ ተብሎ ነው? አፉ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። ዓይኑ እየለመነኝ ነበር።

ያኔ ነው ሳምሪ የጠየቀችኝ። ጮክ አላለችም፤ ስልኩን ከአባቷ እጅ ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችውና፣ አጎቴ፣ እውነት የቱ ነው? አለችኝ። እንዲያው ልትጠይቅ አልነበረም የጠየቀችው። ያ ፊት፣ አንድ ሰው ቆይ ቢላት የሚቆይ ፊት ነበር። ይሄን አልረሳውም። ከትከሻዋ በላይ ደረጀ ይታየኛል፣ እጁ እንደ ተጨበጠ ጉልበቱ ላይ ነው።

አባትሽ የሚለው ነው አልኳት። እኔ ረስቼው ነው።

ሰኞ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈችልኝ፤ ደህና ነኝ፣ ቀለል ያለ ነው፣ እማዬን አደራ ይላል። የሳምሪ እናት ማታ ማታ ምን እንደምታደርግ ደረጀን አልጠየቅሁትም። መጽሐፉን ምንም ሳትጽፍበት መልስልኝ ብሎኛል፤ እንዳታበላሸው ፈርቻለሁ ነው ያለው።

ባለፈው ሐሙስ ዋሽኩሸ ውስጥ ወይዘሮ ሱሺላን አገኘኋቸው፤ እንደ ልማዳቸው በእኔ ተራ ላይ። ሳሪያቸውን እያጠፉ፣ ያን ገጽ ለቤተሰቦችህ አነበብክላቸው ወይ? ልጅቷስ ምን አለች? ብለው ጠየቁኝ። የታጠበውን አንሶላ አራገፍኩ። ከዚያ አንገቴን ቀና፣ ድምፄን ሞላ አድርጌ፣ ባማረ እንግሊዝኛ ተረጎምኩላቸው፦ ልጅቷ ልቧ እጅግ ተነክቷል፤ አመስግንልኝ ብላለች፤ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች፤ ነገም ፈተና አለባት።

ወይዘሮ ሱሺላ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጎበዝ አስተርጓሚ ነህ አሉኝ።